እህቴ፣ ና ግባ!

ውድ ወንድሜ ሱሀይብ፣

«ውድ» ያልኩህ ዋጋህ ንሯል ሲሉ ስለሰማሁ ነው። አንድ ማስታወቂያ ለመሥራት የምትጠይቀውን ቢላል ሲነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኛ ሱቅ ስንት ዓይነት ጨርቅ ገብቶ ወጥቷል፤ ካንተ የረከሰ ግን አላየሁም።

ይህን በወረቀት የጻፍኩልህ ሶዶ ኔትወርክ ጠፍቶ እንዳይመስልህ። ቮይስ ብልክልህ ድምፄን ቆራርጠህ ሙዚቃ ታስገባበታለህ። ቴክስት ባደርግልህ ስክሪንሹት አንስተህ «እህቴ ስትቆጣ፣ ክፍል አንድ» ትለዋለህ። ደብዳቤ ግን ቁጭ ብሎ ማንበብ ይጠይቃል፤ ቁጭ ማለት ደግሞ አልፈጠረብህም። ስለዚህ ለዕቃ ወደ መርካቶ ለሚወጣው ለቢላል ሰጥቼዋለሁ። ስልክህን ተቀብሎ፣ ጨርሰህ እስክታነብ ፊትህ እንዲቆም ነግሬዋለሁ። የአጎታችን ልጅ ስለሆነ አታባርረውም፤ ብታባርረውም አይሄድልህም።

መልእክትህ ደርሶኛል። «ሪሁ፣ ለአረፋ ካሜራማን ይዤ እመጣለሁ። ኦርጅናሉን ከኮፒው ጎን አቁሜ ልቀርጽ ነው። ፋዘርን አሳምኚልኝ፤ ሰው ያብዳል» ብለሃል። ደጋግሜ አነበብኩት። ኦርጅናሉ ያልከው የወለደህን አባት ነው። ኮፒው ደግሞ አንተ መሆንህ ነው። እንደኔ እንደኔ ፎቶኮፒ ማሽኑ ያኔ ቀለም ጨርሶ ነበር።

መልሴን ወደ መጨረሻው ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ግን ሰው ፊት የምትናገረውን ሁሉ ዝም ብዬ ስሰማ ስለከረምኩ፣ ዛሬ አንተ ዝም ብለህ ትሰማኛለህ።

ስለ ሥራ ስትሰብክ ሰምቼሃለሁ። የሰው ሶፋ ላይ እግርህን አጣምረህ፣ «ሱቅ ቁጭ ብሎ ደንበኛ የሚጠብቅ ሰው ዕድሜውን በሜትር እየቆረጠ የሚሸጥ ሰው ነው» ትላለህ። አባባሏ ታምራለች፣ አልዋሽም። ችግሩ ከአንተ አፍ መውጣቷ ነው። አንተ ሱቅ ውስጥ የምትታወቀው ከብርድ ልብሱ ክምር ጀርባ ስልክህን ይዘህ በመደበቅ ነበር። ደንበኛ ሲጠራህ «መጣሁ፣ መጣሁ» ትላለህ፤ ሳትመጣ ይመሻል። አንድ ጣቃ አቡጀዲ አውርደህ መልሰህ ስትጠቀልል ያየህ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ዛሬ ግን ላንተ የማይከብድ ሥራ ሁሉ ብልህነት፣ የሚያልብ ሥራ ሁሉ ድንቁርና ሆኗል። ሥራህን ምን እንደምትሉትም አውቃለሁ፤ «ኮንተንት» ነው። በእኛ ሰፈር ማሽሟጠጥ ይባላል፤ ድሮ በነፃ ነበር፣ አሁን ስፖንሰር አግኝቷል።

ቴክኖሎጂ ጠልታ ነው ብለህ ደግሞ እንዳታልፈኝ። ስልክ ሲበላሽበት የሱቆቹ መደዳ ሁሉ የሚሮጠው ወደኔ ነው፤ ዕቃም በቴሌግራም እያዘዝኩ አስመጣለሁ። አንተ ግን በቪዲዮህ ላይ ያ አባባን መስለህ የምትጫወተው፣ «ጋሽ ናግባ» ያልከው ነጋዴህ፣ ደንበኛዋ በስልክ ልክፈል ስትለው ስልኳን ነጥቆ እንደ ቆሎ ሲነክሰው አሳይተሃል። ሰው በሳቅ ሞተ። በኛ መደዳ የስልክ ክፍያ ቁጥሩን መጀመሪያ በሩ ላይ የለጠፈው አባባ መሆኑን ግን አንድም ሰው አያውቅም። አንተ ታውቃለህ። እውነቱ ስላላሳቀህ ውሸቱን መረጥክ።

የመዝናናትን ነገርማ ባታነሳው ይሻልህ ነበር። «ሶዶ መዝናኛ የለም» ብለህ ነው ሻንጣህን ያነሳኸው። አሁን ሐይቅ ዳር ላፕቶፕ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ፣ ቁምጣ ለብሰህ፣ «ሥራና መዝናናትን አንድ ማድረግ ተቻለ» እያልክ ትፎክራለህ። አባባ እኮ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ አንድ አድርጎት ነበር! በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ፣ ግማሽ ወገቡን ወደ መንገድ አዙሮ፣ ከጎኑ ልብስ ሰፊው ጋሽ ጉልላት በረንዳው ላይ የስፌት መኪናቸውን እያንቀጫቀጩ፣ አላፊ አግዳሚውን ሲጣራ ይውላል። የጋሽ ጉልላት ቤተሰብ ከጉራጌ የመጣ ክርስቲያን፣ የኛ ከስልጤ የመጣ ሙስሊም፤ ሁለቱ በጾም ላይ ሳይቀር ይቀላለዱ እንደነበር አንተ ብታስታውስ ጥሩ ነበር። ለአባባ ሥራውም መዝናኛውም ወሬ ነው። ጨርቅ የሚገዛው ሰው ለወሬው ሰበብ ነው። በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ዱንጉዛ ጨርቅ ሊገዙ የመጡ ሴቶችን ስለ ቤተሰባቸው ሁሉ ሳይጠይቅ አይሸኛቸውም ነበር። አንተ የነካኸው ይሄን ነው፤ የምነግርህም ይሄን ነው።

አባባ እንዴት እንዳወቀ ማንም አልነገረህም፤ እኔ ልንገርህ።

መጀመሪያ የባጃጅ ልጆች በሱቁ በር ሲያልፉ፣ «እህቴ፣ ና ግባ! ላንተ ያልሆነ ለማን ይሆናል!» እያሉ ይጮሁ ጀመር። አባባ እድሜውን ሙሉ ሴት ደንበኛ የሚጠራበት ቃል ነው፤ «ነይ ግቢ» ማለት እንደነበረበት የሚያርመው ሰው ኖሮ አያውቅም። ልጆቹ ሲጮሁለት ሰላምታ መሰለው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ና ግባ ልጄ!» እያለ ይመልስላቸው ነበር። እነሱ እየሳቁ ይቀርጹታል። ማታ ቤት ሲገባ፣ «ሪሁ፣ ሰዉ ወደደኝ» አለኝ። መንገር አቃተኝ። ፊቱ በርቶ ሳየው የኔ ፊት ይቃጠል ነበር። አንድ ባጃጅ ከኋላው መስተዋት ላይ ቃሏን በትልቁ አጽፎ መጣ፤ ከዚያ ቃሏን አትመህ የምትሸጠው ቲሸርት ሶዶ ገባ። አባባ ቲሸርቱን አይቶ፣ «ይሄን ከየት አምጥተው ነው? እኛም እናስመጣ እንጂ!» አለ። እንዴት ያለ ነጋዴ ነው፣ ታዘብክልኝ?

ነገሩ የወጣው ባንክ ቤት ነው። ወረፋው ደርሶት መስኮቱ ጋ ሲቆም፣ ገንዘብ ከፋዩ ልጅ ቀና ብሎ፣ «እህቴ፣ ና ግባ!» አለው። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። አባባም አብሮ ሳቀ። ልጁ ክፋት ኖሮት አይመስለኝም፣ የሚያደንቅህ ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ልጅዎ እኮ ኮከብ ነው!» ብሎ ስልኩን በመስኮቱ አሾልኮ ሰጠው። ከኋላው ቆሜ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። አባባ መነጽሩን አወጣ። ኮፍያህን አዘቅዝቀህ፣ ጥርስህን አግጥጠህ፣ አንዷን ሴት በክንዷ እየጎተትክ «አንተ! አንተ!» ስትላት እስከ መጨረሻው አየ። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ዞር ብሎ፣ «ይሄ ኮት የኔ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

የሱ ነበር። አዲስ አበባ ስትሄድ «ያንተን ኮት ስጠኝ፣ ለማስታወሻ» ብለህ ለምነህ የወሰድከው ቡናማ ኮት። ያን ቀን አባባ በደስታ የሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። አዝራሩን ጋሽ ጉልላት ዘንድ ወስዶ አስተክሎ፣ አስተኩሶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠህ። «ልጄ ኮቴን ፈለገ» እያለ ለመደዳው አወራ። «ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ሲባል እሰማ ነበር፤ አንተ ግን ዘራፊ እስኪመጣም አልጠበቅህም። በሩን ራስህ ከፍተህ፣ የባለቤቱን ኮት ለብሰህ ገባህ።

ከማግስቱ ጀምሮ አባባ ዝም አለ።

ዝም ስልህ ታመመ ማለቴ አይደለም። ሱቁን ይከፍታል፣ ጨርቅ ይቆርጣል፣ ይሰግዳል፣ ይበላል። ቤት ውስጥ ከእማዬ ጋር በስልጥኛ ሁለት ቃል ይለዋወጣል። ደንበኛ ፊት ግን አንድ የአማርኛ ቃል አይወጣውም። ወንበሩን ከበር ላይ አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባው። ዋጋ ሲጠየቅ ካልኩሌተሩን ነካ ነካ አድርጎ ወደ ሰውየው ያዞርለታል። ደስ ይበልህ፤ ሱቃችን ቴክኖሎጂ ገባለት።

ዝምታው ከሱ ወደ ደንበኛው ተላለፈ። ጨርቅ ሊገዙ የሚመጡት የሁምቦና የዲምቱ ሴቶች አማርኛቸው እንደ አባባ ነው፤ ቤታቸው ወላይትኛ ይናገራሉ፣ አማርኛ ከተማ ሲወጡ የሚለብሱት ነጠላ ነው። ቪዲዮህ እነሱም ዘንድ ደርሷል፤ ገጠር ስልክ የለም ብለህ አስበህ ከሆነ ተሳስተሃል። አንድ ቀን አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ገባች። ቀዩን ሻሽ በጣቷ አሳየችኝ፤ አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀሚሷን ጎትታ፣ «እማ፣ አትናገር! ይቀርጹሃል!» አለቻት። እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ወዲያ በጣት ብቻ ተገበያየን። ሰው ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ እንደ ሌባ ዙሪያውን እያየ የሚወጣበት ሱቅ ሆንን። ብዙዎቹ ቀሩ።

የሰፈሩ ልጆች ደግሞ በራችን ላይ አንዳቸው ሴት፣ አንዳቸው አባባ እየሆኑ ይጫወቱ ጀመር። ጋሽ ጉልላት በእንጨት ሜትራቸው ሲያባርሯቸው፣ እኔ ልጆቹን ልረግም አፌን ስከፍት አስቆሙኝ። «ተያቸው። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። እነሱ ምን አደረጉ?» አሉ። ስለዚህ እርግማኔን ላንተ አስቀመጥኩልህ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አንተ «ቀልድ ነው» አልክ። ቀልድስ እናውቃለን፣ ሱሀይብ። ጋሽ ጉልላት አባባን ሲያሾፉበት አባባ አብሯቸው ይስቃል፤ ፊት ለፊቱ ነው፣ መልስም አለው። አንተ ግን የሳቅከው እሱ በሌለበት፣ ከማያውቀው ሺህ ሰው ጋር ሆነህ ነው። ደግሞ የሳቅክበት አማርኛ የትምህርት ቤት ክፍያህን የከፈለ፣ መምህርህ ጋ ሄዶ የለመነልህ፣ ታመህ ስትተኛ ሐኪሙን የጠራልህ አማርኛ ነው። ያ አማርኛ ባይኖር አንተም ዛሬ እንዲህ ተቀናጥተህ የምታሾፍበት አፍ አይኖርህም ነበር። ንቄሃለሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን እትዬ አሳየሽ መጡ። ታስታውሳቸዋለህ፣ ከተበላ ከተማ ቅቤ ይዘው የሚመጡት ወላይታዋ ሴት፤ ልጅ ሆነህ ስታለቅስ የተቀቀለ ቦይና ከጉያቸው እያወጡ ይሰጡህ የነበሩት። ብዙ ጊዜ ቀርተው ነበር። ሱቁ በር ላይ መጥተው ቆሙ። አልገቡም። እሳቸው ሁልጊዜም «ና ግባ» ሳይባሉ ገብተው አያውቁም፤ እስኪጠሩ በር ላይ ይቆማሉ፣ አባባ ይጮኻል፣ ይገባሉ። እንዲህ ነው ልማዳቸው። አባባ አያቸው። አንገቱን ደፍቶ መቀሱን ይጠራርግ ጀመር። እሳቸውም ቆሙ። እኔ «ይግቡ እትዬ» ብል ዞር ብለው አላዩኝም።

በኋላ ነጠላቸውን አጥብቀው፣ «ከድሬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሰው በር ላይ ቆሞ ዝም ይባላል? ተጣላሽኝ?» አሉት።

አባባ ቀና ብሎ መጀመሪያ ያየው መንገዱን ነው፤ ስልክ የያዘ ሰው ይኖር እንደሁ ብሎ። አባታችን በገዛ ሱቁ እንዲህ ሲያይ አየሁት፣ ሱሀይብ። ከዚያ ድምፁ ተሰባብሮ ወጣ። «ካንተ ጋር አይደለም፣ እህቴ። የተጣላሁት ካንተ ጋር አይደለም» አላቸው።

የጋሽ ጉልላት የስፌት መኪና ቆመ።

«እንግዲያ ምን ያስፈራሻል?» አሉ እትዬ አሳየሽ። «ተበላ ገበያ ጨርቅ ተሸክመሽ ስትመጪ አንድ አማርኛ አታውቂም ነበር። አጠገቤ ተቀመጥሽ። ‹ና›፣ ‹ግባ›፣ ‹ውሰድ› ያልኩሽ እኔ ነኝ። እኔም የተማርሁ አይደለሁም፤ ያለኝን ሰጠሁሽ። ልጅሽ የሳቀው በኔ ነው። እኔ ካልተቆጣሁ አንቺ ምን ሆነሽ ነው? በይ ጥሪኝ፣ እግሬን አመመኝ።»

እሳቸው አባባን «አንቺ» ይላሉ፣ አባባ እሳቸውን «አንተ» ይላል። አንድ የሰዋስው መምህር በዚያ ቢያልፍ ራሱን ስቶ ይወድቅ ነበር። አባባ መቀሱን አስቀመጠ። «ና ግባ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ እሳቸው ግን ገቡ። እኔ ከጣቃዎቹ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ላንተ ያላለቀስኩትን ያህል ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ይናገራል። እንደ ድሮው አይጮህም፤ ወንበሩ ግን ወደ በሩ ተመልሷል። አንድ የባጃጅ ልጅ እንደ ልማዱ ሲጮህበት፣ «ምን ትገዛለህ? ካልገዛህ እለፍ» አለው። ልጁ አፍሮ ሄደ። ይሄን ያደረግከው አንተ አይደለህም፤ ያደረጉት የተበላዋ ሴትዮ ናቸው። እንዳትቀርጸው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መልእክትህን ለአባባ አነበብኩለት። «ኦርጅናል» የምትለውንም ሳልዘል። ምሳውን ጨርሶ እጁን ታጠበ። ከዚያ በስልጥኛ እንዲህ አለ፦ «ይምጣ። ቤቱ ነው። ካሜራውንም ከፈለገ ያምጣ። አማርኛዬን ግን ለገበያተኞቼ ነው የማውለው፤ ለሱ አንድ ቃል አላወጣም። ልጄ ከሆነ በማልሳሳትበት ቋንቋ ያናግረኝ።»

ይሄን ደጋግሞ ተናግሯል፣ ሐሳቡን አይቀይርም። አንተ ደግሞ ስልጥኛ አትችልም። እኔ እማዬ ጓዳ እየገባሁ ለመድኩት፤ አንተን እማዬ በስልጥኛ ስትጠራህ ጓደኞችህ ሰሙብኝ ብለህ እያፈርክ ጆሮህን ትይዝ ነበር። አባትና ልጅ እስከ ዛሬ የተነጋገራችሁት በዚያ በሸጥከው አማርኛ ብቻ ነው። ሌላ አልነበራችሁም።

ስለዚህ ለአረፋ ና። በግ ይታረዳል፣ ትበላለህ፣ አልጋህ ይነጠፋል። ካሜራማንህም ይበላል፤ እሱ ምን አደረገ? አባባ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ያናግርሃል፣ ብዙ ነገር ይነግርሃል። አንተ «ምን አለኝ?» ብለህ ወደኔ ዞር ትላለህ። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፦ አላስተረጉምልህም። ስልኬ የማይችለው ነገር የለም ትል የለ? እሱን ጠይቀው። እሱ ካቃተው፣ ሰው እንደሚማረው ቁጭ ብለህ ተማር። ከአንድ ቃል ጀምር፤ አባባም እንዲሁ ነው የጀመረው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልህና ልዝጋው። ማታ ማታ ሱቁን ስንዘጋ፣ አባባ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ስምህን ጠርቶ የሚለው ነገር አለ። ያን ቪዲዮ ካየ በኋላም፣ ዝም ባለባቸው ቀናት ሁሉ እንኳ፣ አንድም ማታ ሳይለው አልቀረም። በስልጥኛ ነው የሚለው። እርግማን ነው ብለህ እንዳትደነግጥ። እርግማን ቢሆን ኖሮ ተርጉሜ እልክልህ ነበር።

ሪሀና ከድር
ሶዶ